ድምፅንና ሥዕልን በቤት ስለ መጠበቅ

ሰው ከዕለት ሥራው በኋላ በሚተርፈው ጊዜ ልቡን የሚያሳርፍበት ነገር ቢኖረው መልካም ነው። አንዱ አትክልት ይኰተኵታል፤ አንዱ ገበጣ ይጫወታል፤ አንዱም መጻሕፍት ይሰበስባል። ድምፅ የሚቀዳውን፣ ፎቶግራፍ የሚያነሣውንና ጽሕፈት የሚያኖረውን መሣሪያ መውደድም ከእነዚሁ እንደ አንዱ ይቈጠራል። እንደዚህ ያለውን ሰው ግን ቤተ ሰቡ ብዙ ጊዜ ይወቅሰዋል፤ «ጠረጴዛው ሁሉ ሽቦ ሆነ፤ ለልጆች ጫማ የሚሆነው ገንዘብ ለካሜራ ዋለ» ይለዋል። ወቀሳውም ሁልጊዜ ያለ ምክንያት አይደለም። መሣሪያን ለመሣሪያነቱ ብቻ የሚወድ ሰው፣ አዲስ በወጣ ቍጥር አሮጌውን እየጣለ ሲገዛ ይኖራል እንጂ ለቤቱ የሚተርፍ ነገር አይሠራም። ያው ሰው ዕውቀቱን የቤተ ሰቡን ድምፅና ሥዕል ለመጠበቅ ቢያውለው ግን በቤቱ ሁሉ ዘንድ የተመሰገነ ባለ አደራ ይሆናል። በዛሬው ዓምዳችን የምንናገረው ስለዚሁ አደራ ነው።

ቶማስ ኤዲሰን የተባለው አሜሪካዊ ፎኖግራፍን የሠራው እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር በ1877 ዓ.ም. ነው፤ ከዚህ በታች የምንጠቅሳቸውም ዓመታት ሁሉ በዚሁ አቈጣጠር ናቸው። ከዚያ ሃያ አንድ ዓመት በኋላ፣ በ1898፣ የእንግሊዝ ንግሥት ቪክቶሪያ የሰላምታ ቃላቸውን በፎኖግራፍ አስቀድተው ለዳግማዊ አፄ ምኒልክና ለእቴጌ ጣይቱ ላኩ። ንጉሠ ነገሥቱና እቴጌይቱም በ1899 መልሳቸውን በዚያው ዓይነት መሣሪያ ተናግረው ሰደዱ። የንግሥቲቱ ቃል የተቀዳበት ሰም ከተሰማ በኋላ እንዲጠፋ ታዞ ስለ ነበረ ዛሬ የለም፤ የምኒልክና የጣይቱ ድምፅ ግን ከመቶ ሃያ ዓመት በኋላ ዛሬም ይሰማል። ሁለቱን የለያቸው የመሣሪያው ዓይነት አይደለም፤ አንዱ እንዲጠፋ ሌላው እንዲጠበቅ ሰው ስለ ወሰነ ነው። በየቤታችንም ያለው ነገር እንዲሁ ነው፤ ልዩነቱ እኛ የምናጠፋው በትእዛዝ ሳይሆን በቸልታ መሆኑ ብቻ ነው።

የቀድሞ አባቶቻችን የጻፉበት ብራና ለመነበብ ዓይንና ብርሃን ይበቃዋል። ካሴት ግን ብቻውን ዱዳ ነው፤ የሚያናግረው ቴፕ ያስፈልገዋል። በኮምፒዩተር የተቀመጠው ፋይል ደግሞ ከዚህ ይልቅ ችግረኛ ነው፤ ኤሌክትሪክ ይሻል፤ ማሽን ይሻል፤ የተጻፈበትን ሥርዓት የሚያውቅ ፕሮግራምም ይሻል። ከእነዚህ አንዱ ቢጐድል ፋይሉ በእጅ እያለ እንደ ጠፋ ይቈጠራል። ስለዚህ አዲሱ መሣሪያ በብዙ ነገር ከአሮጌው የተሻለ ቢሆንም ቅሉ፣ ከአሮጌው ይልቅ ብዙ ጥበቃ የሚፈልግ መሆኑን መዘንጋት አይገባም።

ካሴትን ፊሊፕስ የተባለው የሆላንድ ኩባንያ በ1963 በበርሊን በተደረገ ትርኢት ላይ አቀረበው። በአገራችንም ከሸክላ ቀጥሎ በየቤቱ የገባው እርሱ ነው፤ ዘፈን ብቻም የሚሰማበት አልነበረም። በ1970ዎቹና በ1980ዎቹ ብዙ ወገኖቻችን ወደ ውጭ አገር በተበተኑ ጊዜ፣ የስልክ ዋጋ ውድ ስለ ነበረ፣ ናፍቆትን በካሴት ተናግሮ በመንገደኛ እጅ መላክ በብዙ ቤት የታወቀ ነገር ነበር። እናት በቤቷ ተቀምጣ ስለ ዘመድ ጤና፣ ስለ ተወለደውና ስላረፈው ትናገራለች፤ በመካከሉ ዶሮ ይጮኻል፤ ጎረቤትም ገብታ ሰላምታ ትጨምራለች። ልጅም በሩቅ አገር ሆኖ ይህን ሁሉ ይሰማል፤ በካሴቱም ሁለተኛ ገጽ መልሱን ይልካል። ደብዳቤ ቃሉን ብቻ ይይዛል፤ እንዲህ ያለው ካሴት ግን የቤቱን ሁኔታ ሁሉ ይዟል።

በቅርቡ በጉርብትና የምናውቃቸው አንዲት ወይዘሮ መሣሪያ መነካካት እንደምንወድ ሰምተው፣ እንዲህ ያሉ ካሴቶች የሞሉበት የጫማ ካርቶን ይዘው ወደ ቤታችን መጡ። በካሴቶቹ ውስጥ የእናታቸው ድምፅ አለ፤ እናታቸው ካረፉ ከሃያ ዓመት በላይ ሆኗል። ካሴቶቹ አሥራ አንድ ነበሩ። ዘጠኙ በጥቂት ድካም ተናገሩ፤ አሥረኛውም ክሩ ተበጥሶ ስለ ነበረ ተቀጥሎ ተሰማ። በአሥራ አንደኛው ካሴት እናታቸው ውጭ አገር ላለው ልጃቸው የቤተ ሰቡን ትውልድ ከቅድመ አያት ጀምረው ይቈጥሩለት ነበር። ከአራተኛው ስም ሲደርሱ ቃላቸው በድንገት ተቈረጠና ከራዲዮ የተቀዳ ዘፈን ገባ። በቤቱ ከነበሩት ልጆች አንዱ ባዶ ካሴት መስሎት በላዩ ቀድቶበት ኖሯል። ወይዘሮዋ ምናልባት የእናታቸው ቃል ይመለስ እንደ ሆነ ብለው ዘፈኑን እስከ ፍጻሜው ድረስ ዝም ብለው ሰሙ፤ ነገር ግን አልተመለሰም።

ይህ እንዳይሆን መከልከያው እጅግ ቀላል ነበር። በካሴት ጀርባ፣ በግራና በቀኝ፣ ሁለት ትንንሽ የፕላስቲክ ጥርሶች አሉ። ጥርሶቹ የተሰበሩበት ካሴት ይሰማል እንጂ አይቀዳበትም። በቤቱ የዘመድ ድምፅ ያለበት ካሴት የያዘ ሰው ሁሉ፣ ይህን ጽሑፍ አንብቦ ሳይጨርስ እንኳ ተነሥቶ ጥርሶቹን ቢሰብር አይሳሳትም።

አሮጌ ካሴት ለመስማት የሚፈልግ ሰው ቸኵሎ ወደ ቴፕ ሊከተው አይገባም። የላላ ክር በቴፑ ውስጥ ተጠምጥሞ እንዳይበጠስ፣ አስቀድሞ እስክሪብቶ በቀዳዳው አግብቶ ቀስ እያለ ያጥብቀው። በቴፑም ውስጥ ሄድ የሚባለውን ድምፅ አንባቢ ብረት በጥጥና በንጹሕ አልኮል ይጥረገው፤ በላዩ የተጋገረው ቡናማ ትቢያ ድምፁን ያፍነዋልና። ብዙ ዘመን ሳይነካ በቆየ ቴፕ ውስጥ ያለው የጎማ ቀበቶ ይላላል፤ ወይም እንደ ሬንጅ ይቀልጣል። ያን ጊዜ የሰው ድምፅ እየቀጠነና እየወፈረ ይወላገዳል፤ ብዙ ሰውም ካሴቱ ተበላሸ ብሎ ይጥለዋል። የተበላሸው ግን ቀበቶው ነው፤ ቀበቶም ይለወጣል። እንዲሁም ክሩን ወደ ሄዱ የምትገፋው በካሴቱ ውስጥ ያለችው ትንሽ ለስላሳ ጨርቅ ከወደቀች ድምፁ ይደክማል፤ ከሌላ የማይፈለግ ካሴት ወስዶ መተካት ይቻላል። እንግዲህ ድምፅ አልሰጥ ያለውን ካሴት ሞተ ከማለት በፊት፣ በሌላ ደኅና ቴፕ መሞከር ይገባል።

ካሴቱ መናገር ከጀመረ በኋላ ድምፁን ወደ ኮምፒዩተር ማስተላለፍ ነው። ይኸውም የቴፑን የድምፅ መውጫ ከኮምፒዩተሩ የድምፅ መግቢያ ጋር በሽቦ በማገናኘት ይፈጸማል። ኮምፒዩተሩ ድምፁን በያንዳንዱ ሰከንድ 44,100 ጊዜ እየለካ በቍጥር ያኖረዋል። ምንም ሳይቀነስ ሲቀመጥ የአንድ ሰዓት ድምፅ ከ600 ሜጋባይት በላይ ቦታ ይይዛል፤ ኤምፒ3 በሚባለው ሥርዓት ሲጨመቅ ግን ወደ 60 ሜጋባይት ሊወርድ ይችላል። የተጨመቀው ለዘመድ ለመላክ የተመቸ ነው፤ ከእርሱ የተቀነሰው ግን ተመልሶ አይገኝም። ስለዚህ ያልተቀነሰው በቤት ይቀመጥ፤ የተጨመቀው ይላክ። መብራት በመካከሉ ቢጠፋ ሥራው እንዳይቋረጥ ባትሪው ደኅና የሆነ ላፕቶፕ ይመረጣል። ደግሞም የ60 ደቂቃ ካሴት ሳይቸኵሉ ለማስተላለፍ 60 ደቂቃ ይፈጃል። ይህን ብዙ ሰው እንደ ችግር ያየዋል፤ እኛ ግን እንደ ጥቅም እናየዋለን። ቤተ ሰብ ተሰብስቦ፣ ቡና ተፈልቶ፣ የአያትን ድምፅ አንድ ሰዓት ሙሉ ለመስማት ከዚህ የተሻለ ምክንያት አይገኝምና።

ፎቶግራፍ ደግሞ የራሱ ጠላቶች አሉት። ከእነርሱም የከፋው እርጥበት ወይም ፀሐይ አይደለም፤ ስም አለመጻፍ ነው። በየሳጥናችን ካሉት ፎቶግራፎች ውስጥ «ይህች ማን ናት?» ተብሎ ሲጠየቅ መልስ የሚሰጥ አንድ ሽማግሌ ብቻ የቀረላቸው ብዙ ናቸው። ያ ሽማግሌ ሲያርፍ ሥዕሉ የዘመድ ሥዕል መሆኑ ይቀርና የማይታወቅ ሰው ሥዕል ይሆናል። ስለዚህ የሰውየው ስም፣ ቦታውና ዓመቱ በጀርባው ጠርዝ ላይ በለስላሳ እርሳስ ቀለል ተደርጎ ይጻፍ፤ የእስክሪብቶ ቀለም ወደ ፊት ዘልቆ ሊያበላሸው ይችላልና። ሙጫ ባለው ገጽ ላይ የሚለጠፍበት አልበምም ለጊዜው ያማረ ይመስላል፤ ከብዙ ዓመት በኋላ ግን ሙጫው ፎቶግራፉን ያቢጫል፤ ለማላቀቅም ያስቸግራል።

ፎቶግራፉን በካሜራ ለመገልበጥ የሚወድ ሰው፣ ሥዕሉን በጠፍጣፋ ቦታ አኑሮ፣ ካሜራውን ከበላዩ ቀጥ አድርጎ፣ ከግራና ከቀኝ በእኩል በሚመጣ ብርሃን ያንሣው፤ የካሜራውን ብልጭታ ግን አይጠቀም፤ በሥዕሉ ላይ ነጭ ነጸብራቅ ይጥልበታልና። የተነሣውንም በቴሌግራም ለዘመድ ሲልክ እንደ ፎቶ ሳይሆን እንደ ፋይል አድርጎ ይላከው፤ እንደ ፎቶ ሲላክ መጠኑ ይቀነሳል። ካሜራው ራሱም ጥበቃ ይፈልጋል። በክረምት ወራት በቆዳ ማኅደሩ ውስጥ ተዘግቶ የሚከርም ካሜራ ሌንሱ በሻጋታ ይያዛል፤ ሻጋታውም እንደ ሸረሪት ድር ሆኖ በመስተዋቱ ውስጥ ይዘረጋል። ከአዲስ ጫማ ጋር የሚመጡትን እርጥበት መጣጭ ከረጢቶች ከካሜራው ጋር በደንብ በሚዘጋ ዕቃ ማስቀመጥ፣ አልፎ አልፎም ወደ ብርሃን አውጥቶ መጠቀም ይጠቅማል።

የኮምፒዩተር ጽሕፈትም ነገር ከዚህ የተለየ አይደለም። ፊደላችን ዩኒኮድ በሚባለው የዓለም ኮምፒዩተሮች የጋራ ሥርዓት ውስጥ የገባው በ1999 ነው። ከዚያ በፊት፣ ከዚያም በኋላ ለብዙ ጊዜ፣ ልዩ ልዩ የግዕዝ ፕሮግራሞች ፊደሉን እያንዳንዳቸው በየራሳቸው ቍጥር ያስቀምጡ ነበር። በዚህ ምክንያት በዚያ ዘመን በአንዱ ፕሮግራም የተጻፈ የኑዛዜ ቃል ወይም የአባት ታሪክ ዛሬ ቢከፈት፣ በፊደላችን ፋንታ ትርጉም የሌላቸው የላቲን ምልክቶች ተደርድረው ሊታዩ ይችላሉ። ጽሑፉ አልጠፋም፤ የሚያነበው ግን ጠፍቷል። እንዲህ ያለ ፋይል ያለው ሰው አሮጌው ፊደል አሁንም በሚሠራበት ኮምፒዩተር ላይ ወደ ዩኒኮድ ያስለውጠው፤ ደግሞም በወረቀት ያትመው። ወረቀት ኤሌክትሪክ አይጠይቅም።

ይህን ሁሉ ደክሞ በአንድ ፍላሽ ብቻ የሚያኖር ሰው ግን ድካሙን በቀዳዳ ኪስ እንደ ከተተ ነው። ፍላሽ ይጠፋል፤ ብዙ ዓመትም ሳይነካ ቢቀመጥ የያዘውን ሊረሳ ይችላል። ሃርድ ዲስክ በውስጡ የሚሽከረከር ነገር ስላለው አንድ ቀን ይቆማል። በቤት የተቀዳ ሲዲም ብርሃን ሲያገኘው ቀለሙ ይለቅቃል። ስለዚህ በዚህ ነገር የሠለጠኑ ሰዎች የተስማሙበት ደንብ ይህ ነው፤ ቅጂው ሦስት ይሁን፤ በሁለት ዓይነት ዕቃ ላይ ይቀመጥ፤ አንዱም ከቤት ውጭ፣ በእኅት ወይም በወንድም ቤት ይኑር። እሳት ወይም ሌባ አንዱን ቤት ቢያገኝ ሌላው ይተርፋልና። በየዓመቱም አንድ ቀን ወስኖ፣ ለምሳሌ በእንቍጣጣሽ ሰሞን፣ ሁሉንም ከፍቶ መመርመርና ያረጀውን ወደ አዲስ ማዛወር ይገባል።

አንድ ነገር ደግሞ እንጨምር። በካሴት የተነገረ ቃል ለአንድ ሰው የተነገረ ነው። በውስጡ የጋብቻ ቅሬታ፣ የዕዳ ነገር ወይም የሕመም ምስጢር ሊገኝ ይችላል። መሣሪያ ዐዋቂው ሰው ድምፁን ለማዳን እንጂ ለአደባባይ ለማውጣት አልተጠራም። የሰማውን እንደ ሐኪም ይጠብቅ፤ ለማን እንደሚሰጥም ቤተ ሰቡ ይወስን።

ለዚህ ሥራ አዲስና ውድ መሣሪያ መግዛት የግድ አይደለም። አንድ ደኅና ቴፕ፣ አንድ ካሜራ ወይም ስልክ፣ አንድ ኮምፒዩተርና አንድ እርሳስ ይበቃል። ከእነዚህም መካከል ከሁሉ የሚበልጠው እርሳሱ ሳይሆን አይቀርም፤ ስም የሚጻፈው በእርሱ ነውና። የቀረው ነገር ጊዜ ነው፤ ጊዜውም በእኛ እጅ ሳይሆን በሽማግሌዎቻችን ዕድሜ የተወሰነ ነው። ስለዚህ በሚመጣው እሑድ፣ መሣሪያ የሚወድ ልጅ ያላችሁ ወላጆች ልጁን ከነሽቦው ከመውቀስ ይልቅ፣ ከአያቱ አጠገብ አስቀምጣችሁ «እነዚህ እነማን ናቸው?» ብሎ እየጠየቀ እንዲቀዳ ብታደርጉት ይሻላል።