የመረጃ ቋት ሲፈጠር የሚዘለለው መስመር

ተዛማጅ የመረጃ ቋትን በኤስኪውኤል ትዕዛዝ መፍጠር በብዙ ትምህርት ክፍሎች እንደ ቀላል መንደርደሪያ ይታያል። «ክሪኤት ዳታቤዝ» ይጻፋል፣ ስም ይሰጠዋል፣ በሴሚኮለን ይዘጋል፤ ከዚያ ትኩረቱ ሁሉ ወደ መጠይቆች ይዞራል። ይህ ልማድ ሊታረም ይገባል። በኢትዮጵያ ቋንቋዎች የተጻፈ መረጃ ለሚሰበስብ ተመራማሪ፣ ሊመለስ የማይችል ጥፋት የሚጀምረው ብዙውን ጊዜ ከዚህችው መስመር ነውና።

ማይኤስኪውኤል ጥሩ ማሳያ ነው። ከስሪት 8.0 በፊት የፊደል ስብስብ ሳይጠቀስ የተፈጠረ ቋት «ላቲን 1»ን ከስዊድንኛ የፊደል ቅደም ተከተል ጋር ይወርስ ነበር (ኩባንያው የስዊድን ነበር)። በዚያ ስብስብ ውስጥ የግዕዝ ፊደል ቦታ የለውም። ጥብቅ ቁጥጥር ባልተደረገበት ቋት «አበበ» ተብሎ የገባ ስም «???» ሆኖ ይቀመጣል። የጠፋው መልኩ ሳይሆን መረጃው ራሱ ስለሆነ፣ ቆይቶ በ«ኦልተር» ትዕዛዝ ስብስቡን መቀየር ስሙን አይመልሰውም።

«ዩቲኤፍ8» የሚለው ስምም ያሳስታል። በማይኤስኪውኤል ይህ ስም ለአንድ ፊደል ከ3 ባይት በላይ የማይፈቅደውን ዓይነት ሲያመለክት ቆይቷል። እ.ኤ.አ. በ1999 በዩኒኮድ 3.0 የገባው የኢትዮጵያ ፊደል በ3 ባይት ስለሚጻፍ ችግሩ አይታይም። እ.ኤ.አ. በ2021 በዩኒኮድ 14 ለጉራጊኛ ቋንቋዎች የተጨመሩት ፊደላት ግን 4 ባይት ይፈልጋሉ። «ዩቲኤፍ8ኤምቢ4» ካልተመረጠ አማርኛውን ተቀብሎ ጉራጊኛውን የሚገፋ ቋት ይፈጠራል።

ሠንጠረዥ ሲፈጠርም እንዲሁ ነው። «ዴት» የተባለው የዐምድ ዓይነት የሚያውቀው የጎርጎርዮሳዊውን አቆጣጠር ብቻ ነው። ጥቅምት 30 ቀን 2015 «2015-02-30» ተብሎ ቢላክ በጥብቅ ቁጥጥር ተቀባይነት አያገኝም፤ 13ኛ ወር ስለሌለም ጳጉሜን አይገባም። እነዚህስ በስሕተት መልእክት ይታወቃሉ። የከፋው ጥቅምት 12 ያለ አንዳች ተቃውሞ ፌብሩዋሪ 12 ሆኖ መቀመጡ ነው።

ሠንጠረዦቹን ዛሬ መተግበሪያው ራሱ ይፈጥራቸዋል፣ ትዕዛዙን በእጅ መጻፍ አያስፈልግም የሚሉ አሉ። ኤድጋር ኮድ እ.ኤ.አ. በ1970 ተዛማጅ ሞዴልን ሲያቀርብ፣ ተጠቃሚው መረጃው በማሽኑ ውስጥ እንዴት እንደተደራጀ ከማወቅ እንዲያርፍ መፈለጉ እውነት ነው። የመረጃውን ትርጉም ከመወሰን ግን ማንንም አላሳረፈም።

የመመረቂያ ጽሑፎች አብዛኛውን ጊዜ የሠንጠረዦችን ግንኙነት በሥዕል ያሳዩና ትዕዛዞቹን ይተዋሉ። ሥዕሉ ስለ ፊደል ስብስብም ሆነ ስለ ዘመን አቆጣጠር የሚናገረው የለም። ትምህርት ክፍሎች የ«ክሪኤት» ትዕዛዞችን ሙሉ ጽሑፍ በአባሪነት ቢጠይቁ የሚጨመረው ጥቂት ገጽ ነው። «ክሪኤት ዳታቤዝ» በኤስኪውኤል ዓለም አቀፍ መስፈርት የሌለና አምራቾች በየራሳቸው መንገድ ያበጁት ትዕዛዝ ስለሆነም፣ የሶፍትዌሩ ስምና ስሪት አብሮ መጻፍ ይኖርበታል።