ስህተቱ የእናቴ አይደለም

በዚህ እትም ልጽፍ የተነሳሁት ትንሽ ስለሚመስል ጉዳይ ነው። በዲፓርትመንታችን ስለ ዳታቤዝ፣ ስለ ኔትወርክና ስለ ፕሮግራሚንግ ብዙ እንማራለን። የሠራነውን ሶፍትዌር የሚነካው ሰው የት ላይ እንደሚደናገር፣ ሲሳሳትስ ምን እንደሚደርስበት የምንነጋገርበት ጊዜ ግን በጣም ጥቂት ነው። ይህ ጉዳይ በሙያው “የተጠቃሚ ልምድ” ተብሎ ይጠራል። እውነቱን ለመናገር እኔ ነገሩ የገባኝ ክፍል ውስጥ አይደለም፤ ደምበጫ፣ እናቴ ጋ ነው።

እናቴ ያሳደገችን አረቄ እያወጣች ነው። የደምበጫን አረቄ ለጎጃም ሰው ማስተዋወቅ አያስፈልግም። ስለ ጌሾው፣ ስለ ብቅሉ፣ ስለ እሳቱ መጠን ከእሷ የተሻለ የሚያውቅ ሰው አላየሁም። ማንበብ የተማረችው በደርግ ዘመን በመሠረተ ትምህርት ነው። ፊደል ትለያለች፣ ቀስ ብላ ታነባለች፤ ሂሳብ ላይ ግን እኔ ስልኬን አውጥቼ ሳልጨርስ እሷ በቃሏ ጨርሳ ትጠብቀኛለች።

ባለፈው ክረምት ለዕረፍት ቤት የገባሁ ጊዜ፣ በአንድ የገበያ ቀን፣ ለጌሾ ነጋዴዋ 2,400 ብር በስልክ እንድልክላት ጠየቀችኝ። የቆምነው ሱቅ በር ላይ ነበር። ስልኳን ሰጠችኝና የምስጢር ቁጥሯን ሰው ሁሉ እየሰማ ነገረችኝ።

“እማዬ፣ ቀስ በይ እንጂ፣ ሰው ይሰማል እኮ!” አልኳት።

“ምን ላድርግ ልጄ፣ አንተ በማትኖር ጊዜ ለባለሱቁ ልጅ የምነግረውም እንዲሁ ነው” አለችኝ።

የአገልግሎቱን ስም መጥቀስ አያስፈልግም። በስልኳ ላይ የሚመጣው ጽሑፍ በላቲን ፊደል የተጻፈና በየቦታው ያጠረ ነበር። ቁጥሩን አስገባሁ፣ የብሩን መጠን አስገባሁ፣ የምስጢር ቁጥሩንም አስገባሁ። በመጨረሻ ያስገባሁትን ቁጥርና መጠን መልሶ አሳየኝና “ለመቀበል 1” አለኝ። 1ን ተጫንኩ። ጌሾ ነጋዴዋ “አልደረሰኝም” ስትል ነው ያየሁት፤ ሁለት አኃዝ አቀያይሬ ኖሯል። ብሩ የሄደው ለማናውቀው ሰው ነበር። ስንደውል ስልኩ ዝግ ነው። ወደሚመለከተው ቢሮ ሄድን፤ ሠራተኛው በትሕትና “ቁጥሩን ያስገባኸው አንተ ነህ፤ እኛ ምን እናድርግ?” አለኝ። ገንዘቡ እስከ ዛሬ አልተመለሰም። እናቴ ለብቅል ካስቀመጠችው ላይ አንስታ ድጋሚ ከፈለች።

ከገንዘቡ ይልቅ ያንገበገበኝ ግን እናቴ ወደ ቤት ስንመለስ የተናገረችው ነው። “ጥፋቱ የኔ ነው። እኔ ደንቆሮዋ ራሴ ባውቀው ኖሮ አንተን ባላስቸገርኩህ” አለች። እስቲ ልብ በሉ! የተሳሳትኩት እኔ ነኝ፤ ያውም ኮሌጅ ገብቼ ይህንኑ ሙያ የምማረው ልጇ። ራሷን የወቀሰችው ግን እሷ ናት።

እንግዲህ የኔ ሐሳብ ይህ ነው። ጥፋቱ የእናቴ አይደለም። የኔም ቢሆን ከግማሹ በላይ የኔ አይደለም። የአገራችን የሞባይል ቁጥር አሥር አኃዝ ነው። ከአሥሩ አንዱ ቢሳሳት ወይም ሁለቱ ቢቀያየሩ የሚገኘው ቁጥር ብዙውን ጊዜ የሌላ ሰው ትክክለኛ ቁጥር ነው። ማሽኑ ብቻውን ስህተቱን ሊያውቅ አይችልም። ማወቅ የሚችለው ሰው ነው፤ ሰው ደግሞ የሚያውቀው በስም ነው። ከ“ለመቀበል 1” በፊት የተቀባይዋ ስም በግዕዝ ፊደል ቢመጣ ኖሮ እኔ እንኳ ባላይ እናቴ ቀስ ብላ አንብባ “እሷ አይደለችም” ትለኝ ነበር። ስም የሚያሳዩ አገልግሎቶች አሉ፤ ስለዚህ የማይቻል ነገር አልጠየቅሁም።

ዶናልድ ኖርማን የተባሉ አሜሪካዊ ምሁር በ1988 እ.ኤ.አ. ስለ ዕለት ተዕለት ዕቃዎች አሠራር አንድ መጽሐፍ አሳትመው ነበር። መጽሐፉ የሚያወራው ስለ በር፣ ስለ ቧንቧ፣ ስለ ምድጃ ማብሪያ ነው። ሰው የሚገፋውን በር ደጋግሞ የሚስብ ከሆነ መመርመር ያለበት ሰውየው ሳይሆን በሩ ነው ይላሉ። እኚሁ ሰው በ1990ዎቹ መጀመሪያ አፕል ኩባንያ ሲሠሩ “የተጠቃሚ ልምድ” የሚለውን ቃል የሥራ መጠሪያቸው ውስጥ አስገቡት። ቃሉ አዲስ ይሁን እንጂ ነገሩ ለእኛ እንግዳ አይደለም። ጀበናን ተመልከቱ። በየት እንደሚያዝ፣ በየት እንደሚቀዳ ቅርጹ ራሱ ይናገራል። እናቴ አረቄ ስታወጣም እንፋሎት ካመለጠ ሽታው ወዲያው ይነግራታል፤ ለማስተካከልም ጊዜ አላት። የስልኩ ገጽ ግን ስህተቱን አልነገረንም፤ ለማስተካከልም ጊዜ አልሰጠንም።

“ስማርት ስልክ ግዙላት፣ አፑን ጫኑላት” የሚለኝ ጓደኛ አይጠፋም። በአንድ በኩል ልክ ነው። ኢትዮ ቴሌኮም ቴሌብርን ግንቦት 2013 ዓ.ም. ሲጀምር አገልግሎቱ በአፕም በአጭር ቁጥርም፣ ማለትም በ*127#፣ እንዲሠራ አድርጎ ነው። ሳፋሪኮም ኢትዮጵያም በ2015 ዓ.ም. ነሐሴ ኤምፔሳን አስገብቷል። ግን በዚያው ነሐሴ ወር በክልላችን የሞባይል ኢንተርኔት ተቋርጦ ለብዙ ወራት እንደቆየ ሁላችንም እናስታውሳለን። አፕ ያለ ኢንተርኔት ምን ይሠራል? በኮከብ ጀምሮ በመሰላል የሚያልቀው አጭር ቁጥር ግን ኢንተርኔት አይፈልግም፤ በተራ ባለቁልፍ ስልክም ይሠራል። ስለዚህ ለደምበጫ ሰው ዋናው በር እሱ ነው እንጂ የጓሮ በር አይደለም። የዲዛይን ጭንቀታችንን ሁሉ ለአፑ ቀለም ሰጥተን አጭር ቁጥሩን እንዲያው ከተውነው ዋናውን በር ሳንሠራ መስኮት እንደመቀባት ነው።

አጭር ቁጥሩ የራሱ ጠባይ አለው። በቴክኒክ ስሙ ዩኤስኤስዲ ይባላል። እንደ ኤስኤምኤስ ስልኩ ላይ ተቀምጦ በኋላ የሚነበብ አይደለም፤ እንደ ስልክ ጥሪ የዚያች ሰዓት ግንኙነት ነው። ተጠቃሚው ከዘገየ መስመሩ ይቋረጥና ሁሉም ነገር ከመጀመሪያው ይጀመራል። እንግዲህ ይህ ማለት ቀስ ብሎ የሚያነብ ሰው በማዘግየቱ ይቀጣል ማለት ነው። እናቴ ሦስተኛው ገጽ ላይ ስትደርስ ይቋረጥባታል፤ ሁለቴ ሦስቴ ሞክራ ለባለሱቁ ልጅ ትሰጣለች። የምስጢር ቁጥሯም አብሮ ይሄዳል። ባንኮች “የምስጢር ቁጥራችሁን ለማንም አትስጡ” እያሉ ያስተምራሉ፤ ደግ አደረጉ። ግን ራሷ እንዳትጠቀም የሚያደርግ ገጽ ሠርቶ ምስጢርሽን ጠብቂ ማለት እንዴት ይሆናል?

ሌላው የፊደል ጉዳይ ነው። አንድ የዩኤስኤስዲ ገጽ በላቲን እስከ 182 ፊደል ይይዛል፤ በግዕዝ ፊደል ግን 80 ብቻ። ኤስኤምኤስም በላቲን 160፣ በግዕዝ 70 ነው። አንዳንድ ባለሙያ ይህን እያነሳ “አማርኛ አይበቃም” ይላል። እኔ አልስማማም። የኛ አንዱ ፊደል ተነባቢና አናባቢን አንድ ላይ ይይዛል። “ሰላም” ሦስት ፊደል ነው፤ በላቲን ሲጻፍ አምስት ይሆናል። በዚያ ላይ የእንግሊዝኛውን ዐረፍተ ነገር ቃል በቃል ከመተርጎም “ላክ”፣ “ቀሪ ሂሳብ”፣ “ካርድ ሙላ” ማለት ይቻላል። የሚጎድለው ቦታ ሳይሆን ቃል የሚመርጥ ሰው ነው። ደግሞም ከዚህ የከበደ ችግር አልፈናል። የግዕዝ ፊደል በ1999 እ.ኤ.አ. ዩኒኮድ ውስጥ ከመግባቱ በፊት በአንዱ ሶፍትዌር የተጻፈ አማርኛ በሌላው ሲከፈት ትርጉም የሌለው ምልክት ይሆን ነበር።

ከገንዘብ ወጣ ብለን ሌሎች ፎርሞችን እንይ። የትውልድ ዘመን ሲጠየቅ የማን አቆጣጠር እንደሆነ የማይናገር ፎርም ስንት ነው? እናቴ በ1960 ዓ.ም. ተወለደች። 1960 ብላ ብትሞላና ማሽኑ በፈረንጆች አቆጣጠር ቢወስደው በአንድ ጊዜ ሰባት ወይም ስምንት ዓመት ታረጃለች። ዌብሳይት ላይ “8:00” የሚል ቀጠሮ ያየ የአገራችን ሰው በስምንት ሰዓት ቢመጣ ስድስት ሰዓት አርፍዷል፤ ሰዎቹ የጠበቁት ጠዋት በሁለት ሰዓት ነበርና። የቤተሰብ ስም ካልሞላችሁ አላሳልፍም የሚለው ደግሞ አለ። እኛ የቤተሰብ ስም የለንም፤ የአባትና የአያት ስም ነው ያለን። በመጨረሻ ኢሜይሉ የሚመጣው “ውድ አቶ” ብሎ በአያታችን ስም ነው! አያቴ ካረፉ ቆዩ፤ ኢሜይል አይከፍቱም።

እስካሁን ሌላውን ስወቅስ ቆየሁ። አሁን ወደ ራሴ ልምጣ። ሁለተኛ ዓመት ሳለሁ የታካሚዎች መመዝገቢያ ሶፍትዌር ሠርቼ ነበር። ጥሩ ውጤት አግኝቼበታለሁ። ሰሞኑን ከፍቼ አየሁት። ሙሉ በሙሉ በእንግሊዝኛ ነው፤ የፈረንጅ ቀን ይጠይቃል፤ የቤተሰብ ስምም ይጠይቃል። አንድ ነገር ከተሳሳተ በቀይ ቀለም “ስህተት” ብሎ ዝም ይላል፤ ምን እንደተሳሳተ አይናገርም። ከመምህሬና ከእኔ በቀር አንድም ሰው አልነካውም። ማለትም እናቴን ያስለቀሰውን ዓይነት ገጽ እኔም ሠርቻለሁ፤ ልዩነቱ የኔው ገበያ አለመውጣቱ ብቻ ነው።

“መጀመሪያ መብራቱና ኔትወርኩ ይስተካከል፣ ሕዝቡም ይማር፤ ዲዛይን የቅንጦት ነው” የሚል ክርክር አውቃለሁ። መብራትና ኔትወርክ ይቅደም ማለት ተገቢ ነው፤ ግን ይህ በእጃችን አይደለም፤ የገጹ ቃል ግን በእጃችን ነው። “ሰው ይለምደዋል” የሚለውም እውነትነት አለው፤ ሰው በእርግጥ ይለምዳል። የሚለምደው ግን የምስጢር ቁጥሩን ለሰው መስጠትንና ራሱን ደንቆሮ ማለትን ከሆነ ባይለምድ ይሻላል።

ስለዚህ ለዲፓርትመንታችን አንድ ሐሳብ አቀርባለሁ። ማንኛውም የመመረቂያ ፕሮጀክት ከመቅረቡ በፊት ከግቢ ውጭ ባሉ አምስት ሰዎች ይሞከር። አምስት ያልኩት ከመሬት ተነስቼ አይደለም፤ ያኮብ ኒልሰን የተባሉ የሙያው ሰው በ2000 እ.ኤ.አ. እንደጻፉት አብዛኛው የአጠቃቀም ችግር በአምስት ሰው ሙከራ ይታያል። ወጪ የለውም። ገበያ እንውጣ። አንድ ገበሬ፣ አንዲት አረቄ አውጪ፣ አንድ ባለሱቅ፣ አንድ የመናኸሪያ ትኬት ቆራጭ፣ አንዲት የቡና ጠጪ እናት እንለምን። እኛ አጠገባቸው ቁጭ ብለን ዝም እንበል። “እዚህ ጋ ተጫኑ” ማለት ክልክል ይሁን። የቆሙበትን ቦታ ሁሉ እንጻፍ፤ ከዚያ ሰዎቹን ሳይሆን ገጹን እናርም።

እኔ ጀምሬያለሁ። የአሁኑን ፕሮጀክቴን መጀመሪያ የሞከርኩት በእናቴ ነው። ሁለተኛው ገጽ ላይ ቆመችና “ይቅርታ ልጄ፣ አበላሸሁብህ መሰል” አለች። “አይ እማዬ፣ ያበላሸሁት እኔ ነኝ፤ የቱ ላይ እንደጠፋሽ ብቻ ንገሪኝ” አልኳት። ነገረችኝ፤ አስተካከልኩት። በማግስቱ ብቻዋን እስከ መጨረሻው ሄደች። የምስጢር ቁጥሯንም ለእኔ እንኳ አልነገረችኝም።

ቸር ይግጠመን።