አፍ ውስጥ ያለ ቁስል

ጣትዎን ቢላዋ ቢቈርጥዎ ቁስሉን አጥበው በንጹሕ ጨርቅ ያስሩታል፤ እንዳይረጥብም ይጠነቀቃሉ። ቁስሉ አፍ ውስጥ ሲሆንሳ? አፍ አይታሰርም፤ ቀንና ሌሊት ምራቅ ይፈስበታል፤ በምራቁም ውስጥ በዓይን የማይታዩ ተሐዋስያን እጅግ በብዛት ይኖራሉ። ዛሬ ላጫውትዎ ያሰብሁት ስለዚሁ ነው።

ዝነኛው የቪየና ሐኪም ሲግመንድ ፍሮይድ ሲጋር ከአፉ የማይለይ ሰው ነበር። እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1923 ዓ.ም. በአፉ ውስጥ ነቀርሳ ተገኘበትና ሐንስ ፒክለር የተባለው ሐኪም ከላይኛው መንጋጋው ከፊሉን ቈርጦ አወጣለት። የጐደለው ቦታ የተሸፈነው በሥጋ ሳይሆን እንደ ሰው ሠራሽ ጥርስ በሚገባና በሚወጣ መክደኛ ነበር። መክደኛውም እያቈሰለው ኖረ፤ በ1939 ዓ.ም. እስኪሞት ድረስም ከሠላሳ ጊዜ በላይ ኦፕራሲዮን ተደረገ።

ዛሬ ግን ሐኪሞች ከሕመምተኛው ከራሱ ክንድ ቆዳና ሥጋ ከነደም ሥሩ፥ መንጋጋው ሲጐድልም ከባቱ ጐን ካለው ቀጭን አጥንት ወስደው በጐደለው ቦታ ይተክሉለታል። ስፋታቸው ከጥቂት ሚሊሜትር የማይበልጥ የደም ሥሮችንም በማይክሮስኮፕ እያዩ ከአንገት ደም ሥሮች ጋራ ይሰፏቸዋል።

ይህ ሁሉ ከተደከመበት በኋላ ስፌቱ ጥቂት ቢላላ ምራቅ ሾልኮ ወደ አንገት ይወርዳል፤ ቁስሉም ያመረቅዛል። መግሉ የደም ሥሮቹን ካገኛቸው ደም ሊረጋባቸውና የተተከለው ሥጋ ሊሞት ይችላል። ከዚህም የባሰ አለ። ብዙዎቹ ሕመምተኞች ከኦፕራሲዮኑ በኋላ የጨረር ሕክምና ያስፈልጋቸዋልና ይህ በስድስት ሳምንት ውስጥ እንዲዠመር ይመከራል። ያልዳነ ቁስል ግን ጨረሩን ያዘገያል፤ ለነቀርሳውም ጊዜ ይሰጠዋል።

እንግዲህ ምን ይደረግ? ፀረ ተሐዋስያን መድኃኒት ሥጋው ከመቈረጡ በፊት ይሰጣል፤ ብዙ ጊዜም ለ24 ሰዓት ያህል ይቀጥላል። ቁስሉ ሳያመረቅዝ መድኃኒቱን ለብዙ ቀን ማራዘም የበለጠ እንደማይጠብቅ ታውቋልና «ሲበዛ ይሻላል» የሚለው ሐሳብ እዚህ አይሠራም። የሚጠቅመው ትንባሆ መተው፥ ስኳር በሽታን መቈጣጠርና ከኦፕራሲዮኑ በፊት በደንብ መመገብ ነው።

ጠያቂም ድርሻ አለው። በእኛ ልማድ በሽተኛ ሲጠየቅ ባዶ እጅ አይኬድም። ነገር ግን ይህ ሕመምተኛ ብዙ ጊዜ ለቀናት የሚመገበው በአፍንጫ በገባ ቀጭን ቱቦ ነው። «እስቲ ጥቂት ቅመስ» ብሎ ማጕረስ ፍቅር ይመስላል፤ ስፌቱን ግን ይጐዳል። ስለዚህ ሐኪሙ ሳይፈቅድ አያጕርሱ፤ ከመንካትዎም በፊት እጅዎን በሳሙና ይታጠቡ። ትኵሳት፥ የአንገት መቅላትና ማበጥ፥ መጥፎ ሽታ ወይም በአንገት ቁስል በኩል የሚወጣ ፈሳሽ ካዩ «ነገ ይሻለዋል» አይበሉ፤ ያን ጊዜውኑ ለነርሷ ይንገሩ።

ለራስዎም ቢሆን፥ ከሁለት ሳምንት በላይ ሳይድን የቈየ የአፍ ቁስል ካለብዎ፥ ባያምዎትም እንኳ፥ ለሐኪም ያሳዩ። ትንሽ ሳለ የተገኘ ነቀርሳ ብዙ ጊዜ ትንሽ ቢላዋ ይበቃዋል። አባቶቻችን «ሳይቃጠል በቅጠል» ያሉት ለእንዲህ ያለው ነገር ነው።