የሰው ወርቅ አያደምቅምን?

ዛሬ የማጫውታችሁ ስለ መድረክ ልብስ ነው። የምጀምረው ግን ከራሴ ጥፋት ነው።

ከሁለት ዓመት በፊት ቆቦ ውስጥ በአንድ ትምህርት ቤት የዓመት መዝጊያ በዓል ላይ ግጥም እንድዳኝ ተጋብዤ ነበር። ቀን በባንክ መስኮት ብር፣ ማታ በቤቱ ስንኝ ለሚቆጥር እንደ እኔ ላለ ሰው ይህ ትንሽ ክብር አልነበረም። ከተወዳዳሪዎቹ አንዱ ሰፊ ሱሪ ለብሶ፣ ኮፍያውን ወደ ኋላ አዙሮ ወጣና ዝናብ ስለዘገየበት የማሽላ ማሳ በራፕ ተቀኘ። ግጥሙ ጥሩ ነበር። እኔ ግን ስለ አለባበሱ ነጥብ ቀነስኩበት፤ ይባስ ብዬም በሰው ፊት፣ «ወንድሜ፣ የሰው ወርቅ አያደምቅ» አልኩት። ልጁ ጥቂት ዝም ካለ በኋላ፣ «ጋሼ፣ ያሰሩት ከረባትስ የማን ወርቅ ነው?» ሲል መለሰልኝ።

አዳራሹ በሳቅ ተናወጠ። ሽልማቱ ግን ለሌላ ተሰጠ።

ከረባት ከክሮኤሽያ ወታደሮች የአንገት ጨርቅ ተነሥቶ፣ በፈረንሳይ በኩል ዓለምን ያዳረሰ ልብስ ነው። ሆኖም የባንክ ሠራተኛን «ክሮኤሽያዊ መሰልክ» ብሎ የሚዘልፍ የለም። ታዲያ የልጁ ሱሪ ብቻ ስለምን ባዕድ ሆነ? ይህ ጥያቄ እንቅልፍ ነሥቶኝ ማንበብ ጀመርኩ።

ሂፕ ሆፕ ልደቱን የሚቆጥረው ዲጄ ኩል ኸርክ በኒው ዮርክ ብሮንክስ እ.ኤ.አ. ኦገስት 11 ቀን 1973 ሙዚቃ ካጫወተበት ግብዣ ነው። ሰፈሩ ድህነት የተጫነው ነበር። በኋላ ከኩዊንስ የተነሣው ረን ዲ.ኤም.ሲ. የተባለው ቡድን የሰፈሩ ወጣቶች የሚለብሱትን ጥቁር ባርኔጣና ክር አልባ የአዲዳስ ጫማ እንዳለ ወደ መድረክ አወጣ። እንዲህ የተጫማን ወጣት ሁሉ ወንጀለኛ አድርገው ለሚያዩ ሰዎችም እ.ኤ.አ. በ1986 «ማይ አዲዳስ» በተባለው ዘፈኑ መልስ ሰጠ። እኔም በቆቦው አዳራሽ ከእነዚያ ሰዎች አንዱ ነበርኩ ማለት ነው።

ዳፐር ዳን የሚባለው የሃርለም ልብስ ሰፊ ታሪክ ደግሞ ከዚህ የባሰ ያስተምራል። እ.ኤ.አ. በ1982 በ125ኛው ጎዳና ሱቅ ከፈተ፤ የታላላቅ የአውሮፓ ፋሽን ቤቶችን ምልክት በቆዳ ላይ እያተመ የራፕ አቀንቃኞችን አለበሰ። የምልክቶቹ ባለቤቶች በሕግ ተከታትለውት እ.ኤ.አ. በ1992 ሱቁ ተዘጋ። እ.ኤ.አ. በ2017 ግን ጉቺ የእርሱን የቀድሞ ሥራ የሚመስል ጃኬት ስሙን ሳይጠራ አቀረበ። ሕዝብ ጮኸ፤ ጉቺም ከእርሱ ጋር ሊሠራ ተስማማ፤ በማግሥቱ ዓመትም በሃርለም የልብስ ስፌት ቤት ተከፈተለት። ጩኸቱ «ለምን ለበሳችሁት?» የሚል አልነበረም፤ «ለምን ባለቤቱን አልጠራችሁም?» የሚል እንጂ።

ወደ አገራችን እንመለስ። በአዲስ አበባ የባህል ምግብ ቤቶች ተወዛዋዦች በየዘፈኑ መሐል ልብስ ይለውጣሉ። የራያው ተራ ሲደርስ ሽርጥ ያገለደመ፣ ጎፈሬው ላይ ሚዶ የሰካ ጎረምሳ ብቅ ይላል። ከጭብጨባው መሐል ይህ የራያ ቆላ ገበሬ መልክ መሆኑን የሚያውቀው ስንቱ ነው? በነሐሴ አጋማሽ የቆቦ ልጃገረዶች ለሶለል የሚያጌጡበትን ልብስና ሹሩባ ከነስሙ የሚያውቀውስ?

ሚዶን ካነሣሁ አይቀር፣ እ.ኤ.አ. በ2013 በእንግሊዝ ካምብሪጅ የስድስት ሺህ ዓመት የአፍሪካ ማበጠሪያ ታሪክ ለዐውደ ርእይ ቀርቦ ነበር። ከጥንታዊ የዓባይ ሸለቆ ማበጠሪያ ጀምሮ፣ ጥቁር አሜሪካውያን በ1970ዎቹ ጎፈሬያቸው ላይ እስከሚሰኩት፣ እጀታው የተጨበጠ ቡጢ እስከሆነው ድረስ ተደርድሮ ታየ። የራያው ጎረምሳና የሃርለሙ ወጣት ሳይተዋወቁ ራሳቸው ላይ የሰኩት አንድ ዓይነት ኩራት ነው። እንግዲህ እኔ «ባዕድ» ያልኩት ያን ያህል ባዕድ አልነበረም።

ወላጆች «የራሳችን ልብስ ሊጠፋ ነው» ብለው ቢሰጉ አልፈርድባቸውም፤ ስጋቱ እውነት ነው። ነገር ግን የአባቶችን ልብስ የሚያጠፋው የልጁ ሰፊ ሱሪ ሳይሆን የእኛ ዝምታ ይመስለኛል። ስለ ሽርጡና ስለ ሚዶው ያልነገርነው ልጅ ምን ይልበስ? ቴዲ ዮ በ«ጉራጌ ቶን» ራፕን ከጉራጌ ምት ጋር ሲያዋድድ አንዱ ሌላውን አልገደለም።

የእኔ ሐሳብ አጭር ነው። በየትምህርት ቤቱ መድረክ የሚወጣ ልጅ ያሻውን ይልበስ፤ የብሮንክስንም የራያንም። ግን የለበሰው የማን እንደሆነ፣ ከምን መከራና ከምን ኩራት እንደተወለደ ይንገረን። ዳኛውም ከረባቱን ነካ አድርጎ፣ ከዚያ በኋላ ነጥብ ይስጥ።

አንተ ወንድሜ፣ ይህን ካነበብክ፣ የቀነስኩብህ ነጥብ ዕዳዬ ነው። ወለዱ ይህችው ናት፦

የሰው ወርቅ አያደምቅ ብሎ ነበር ቃሌ፣
ከረባት ማሰሩን ዘንግቶ አካሌ፤
ባለቤቱን ጠርቶ የተዋሰን ሁሉ፣
ወርቁም ያደምቀዋል ካልተካደ ውሉ።