ስንት ዕድሜ ቀረው ብሎ ስለ መጠየቅ

የጉበት ደዌ የጸናበትን ዘመዱን ወደ ሐኪም ቤት ያመጣ አስታማሚ፣ በሽተኛውን ከደጅ አስቀምጦ ብቻውን ተመልሶ ይገባና «ለመሆኑ ስንት ጊዜ ቀረው?» ብሎ በዝግታ ሐኪሙን ይጠይቃል። ጥያቄው የሚነቀፍ አይደለም። ልጆች የሚያስተምር፣ ዕዳ ያለበት ወይም ቤት መሥራት የጀመረ ቤተ ሰብ ሁሉ ይህን ለማወቅ ይሻል። ነገር ግን የሚሰጠው መልስ ምን ዓይነት መልስ እንደ ሆነ ሳያስተውሉ ቁጥሩን ብቻ ይዞ ወደ ቤት መመለስ፣ እንደሚመስለን ከበሽታው ያልተናነሰ ጉዳት ያደርሳል።

ጉበት ለረጅም ዘመን ሲጎዳ ቈይቶ ሥጋው በጠባሳ ሲተካ ሲሮሲስ ይባላል። በአገራችን ከዋነኞቹ ምክንያቶች ሄፓታይተስ ቢ፣ ሄፓታይተስ ሲና መጠጥ ይገኙበታል። ሐኪሞች የደዌውን ክብደት የሚመዝኑበት አንዱ መለኪያ፣ ቻይልድና ቱርኮት የተባሉ የአሜሪካ ሐኪሞች እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1964 ዓ.ም. ያወጡትና ፒው ከባልንጀሮቹ ጋር በ1973 ዓ.ም. ያሻሻለው ነው። በእርሱም ዓይንን ብጫ የሚያደርገው ቢሊሩቢን፣ በደም ውስጥ ያለው አልቡሚን፣ የደም መርጋት፣ በሆድ የተቋጠረ ውኃና የአእምሮ መደንዘዝ ተመዝነው በሽተኛው ኤ፣ ቢ ወይም ሲ ይባላል። የሐኪም ቤት ወረቀት እንዲያነብ በጎረቤት የሚጠራው ብዙ ጊዜ አስተማሪ ስለ ሆነ፣ የደረጃውን «ቢ» ከሄፓታይተስ «ቢ» ጋር እንዳያደባልቀው አደራ እንላለን።

ሆዱ ውኃ ያልቋጠረ፣ ደም ያላስመለሰና አእምሮው ያልታወከ የሲሮሲስ በሽተኛ መካከለኛ ዕድሜው ከ12 ዓመት በላይ፣ እነዚህ ምልክቶች የታዩበት ግን 2 ዓመት ገደማ እንደ ሆነ በሕክምና መጻሕፍት ይገኛል። ይህን የሰማ ዘመድ የሞት ቀጠሮ የተነገረው ይመስለዋል። መካከለኛ ማለት ግን 101 ተማሪዎች በቁመት ቢሰለፉ 51ኛው ማለት ነው፤ ከእርሱ ወዲያ ገና 50 ቆመዋል። የእኛ ሰው በሰልፉ የት እንደሚቆም ቁጥሩ አይነግረንም። ደግሞም የቻይልድና የቱርኮት መለኪያ የተዘጋጀው በሽተኛው ቀዶ ሕክምና ይችል እንደ ሆነ ለመገመት ነበር። ሜልድ የተባለው አዲሱ መለኪያ፣ በአሜሪካ ከ2002 ዓ.ም. ጀምሮ ጉበት ለሚተከልላቸው ተራ ማስያዣ የሆነው፣ ወደ ፊት የሚያየው 3 ወር ብቻ ነው። ለቤተ ሰብ ቀን ለመቍረጥ የተሠራ መለኪያ የለም።

ሕክምናውም ቁጥሩን ይለውጣል። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ2013 ዓ.ም. በታተመ አንድ ጥናት፣ ሄፓታይተስ ቢ ሲሮሲስ ካደረሰባቸው 96 ሰዎች መካከል 71ዱ፣ ቴኖፎቪር የተባለውን መድኃኒት 5 ዓመት ከወሰዱ በኋላ ጉበታቸው ሲመረመር ሲሮሲሱ ለቋቸው ተገኝቷል። መጠጥ ያደረሰበትም ሰው ፈጽሞ ቢተው ብዙ ጊዜ ይሻለዋል። በአንጻሩ ደኅና ሲመስል የነበረ በሽተኛ ከጉሮሮው ሥር ያበጠ የደም ሥር ፈንድቶ በአንድ ሌሊት የሚሞትበት ጊዜ አለ። ስለዚህ «በርግጥ አላውቅም» የሚል ሐኪም እንዳልተማረ ሰው መቈጠር የለበትም።

ከዚህ ሁሉ ይልቅ አጥብቀን የምንቃወመው «ለእርሱ አይነገረው» የሚለውን ልማድ ነው። ከርኅራኄ እንደሚመጣ እናውቃለን። ሆኖም ያልተነገረው ሰው በሠርጉና በማኅበሩ ጠላውንና አረቄውን ይቀጥላል፤ በየቀኑ የሚዋጠውን ኪኒን ሻል ሲለው ይተዋል፤ ሚስቱና ልጆቹም ሳይመረመሩና ሳይከተቡ ይቀራሉ። ዘመድ በበኩሉ «የወፍ በሽታ ነው» ብሎ ሥር ያጠጣዋል፤ ከሥራ ሥሩና ከቅጠሉ መካከል ግን ራሱ ጉበት የሚያቃጥል አለ። ሁሉ ነገር በአንድ ቀን ይነገረው አንልም። በሽተኛው ራሱ «እኔ አልስማ፣ ለወንድሜ ንገሩት» ቢል ቃሉ ይከበርለት፤ ምርጫው ግን የእርሱ ይሁን።

አንድ ሌላ ነገር ሳንጠቅስ አናልፍም፤ ሄፓታይተስ ቢ ያለበትን አባት ሳህን ለይቶ ማብላት። በሽታው የሚተላለፈው በደም፣ በግብረ ሥጋና በወሊድ ጊዜ ከእናት ወደ ልጅ ስለ ሆነ፣ መለየት ያለበት ምላጩና የጥርስ ብሩሹ እንጂ ማዕዱ አይደለም። በቀረው ዘመኑ ብቻውን እንዲበላ የተደረገ ሰው የተፈረደበት ያለ ምክንያት ነው።

እንግዲህ አስታማሚ ሐኪሙን «ስንት ቀረው?» ካለ በኋላ «ይህን ወር ምን እናድርግ? በምን ምልክት እንመለስ?» ብሎ ይጨምር። ሆዱ ውኃ ለቋጠረ ሰው በወጡ ላይ ጨው ይቀነስለታል፤ ሥጋው እንዳያልቅ እንቍላል፣ ወተትና ጥራጥሬ አይከለከልም፤ ማታ ሳይተኛ ጥቂት መቅመስ ይጠቅመዋል። ዳይክሎፌናክና አይቡፕሮፌን ኵላሊቱን ስለሚጎዱ ለሕመም ማስታገሻ ከመድኃኒት ቤት አይገዙለት። ደም ቢያስመልሰው፣ ዓይነ ምድሩ እንደ ሬንጅ ቢጠቍር፣ ቀን ተኝቶ ሌሊት ቢነቃና ቢቀባዥር፣ ወይም ሆዱ አብጦ ሳለ ቢያተኩሰው፣ እስኪነጋ ሳይጠበቅ በዚያው ሌሊት ወደ ሐኪም ቤት ይወሰድ።