ዝቅ ያለችው መኪና እና የ35 ደቂቃው ጉዞ

ዛሬ የማወጋችሁ ስለ መኪና ነው። «ሲስተር ደግሞ ከመቼ ወዲህ ነው የመኪና ባለሙያ የሆኑት?» እንዳትሉኝ። ከደም ግፊት መለኪያ ሌላ የማውቀው መሣሪያ የለም። ነገር ግን ባለፈው ዓመት ሰኔ ላይ ልጄን ልጠይቅ አሜሪካ፣ ሲያትል ከተማ ሄጄ ሳለ፣ መሬት ልትስም ምንም በማይቀራት የስፖርት መኪና ተቀምጬ ባሕር ተሻገርኩ። ከዚያች መኪና የተማርኩትን ሳላካፍላችሁ መቅረት አልሆነልኝም። ልጄንም አስፈቅጃለሁ፤ «እማዬ፣ ለሌላ ሰው የሚጠቅም ከሆነ ጻፊው፤ ስሜን ብቻ ተይው» ብሎኛል።

ልጄ ከባለቤቱ ከተለያየ ሦስት ዓመት አልፎታል። የስምንት ዓመቱ የልጅ ልጄ ከእናቱ ጋር የሚኖረው ከሲያትል ማዶ ባለችው ቤይንብሪጅ ደሴት ነው። አባትየው በየአሥራ አምስት ቀኑ ቅዳሜ ጠዋት ባሕር ተሻግሮ ያመጣዋል፤ እሑድ ማታ ይመልሰዋል። ይህን ሁሉ በስልክ አውቀዋለሁ። መኪናዋን ግን አላውቅም ነበር።

አውሮፕላን ማረፊያ ሊቀበለኝ መጥቶ በሩን ሲከፍትልኝ ወንበሩ ከጉልበቴ በታች ነው። «ይኼ መኪና ነው ወይስ ምንጣፍ?» አልኩት። ሳቀ። እኔ ግን አልሳቅሁም። ያገለገለች ናት፤ የቀድሞው ባለቤት ሞላዋን አሳጥሮ ይባስ ዝቅ አድርጓታል። በሆዷና በመሬቱ መካከል አራት ጣት ብታስገቡ ይሞላል። ቤት እስክንደርስ አላስቻለኝም፤ «አርባ ዓመት የሞላህ የልጅ አባት ነህ። ትዳርህ ፈርሶ፣ ገንዘብህን በመጫወቻ ትጨርሳለህ?» አልኩት። አንድም ቃል አልመለሰም። ለሳምንት ያህል «እንዴት አደርሽ»፣ «እንዴት ዋልክ» ብቻ ሆነን ሰነበትን።

ቅዳሜ ደረሰና ልጁን ልናመጣ ወጣን። በኋላ ያለችው ጠባብ ሻንጣ ለልጅ ልጄም፣ ለቀድሞዋ ምራቴም ባመጣሁት በርበሬ፣ ሽሮና ድርቆሽ ተጠቅጥቃለች። (ልጆች ቢለያዩም እኛ አያቶች አንፋታም።) ኮልማን ዶክ በሚባለው ወደብ መግቢያ ላይ ቲኬት ስንቆርጥ ልጄ ለቲኬት ሻጯ፣ «መኪናዬ በጣም ዝቅ ያለች ናት» አላት። እሷም የሚያስገባውን ሠራተኛ እንዲያነጋግር ነገረችው። ተራችን ሲደርስም መስኮቱን ዝቅ አድርጎ ለሠራተኛው ያንኑ ደገመለት። እኔ አፈርኩ። «ምን አስለፈለፈህ? እንደ ሰው ዝም ብለህ አትገባም?» አልኩት።

ያን ጊዜ ነው ነገሩን ያስረዳኝ። እኔም በወጣትነቴ ጣና ዳር ስሠራ በጀልባ ተሻግሬያለሁ፤ ይኼኛው ግን ሌላ ነው። ከትልልቆቹ መርከቦች አንዱ በአንድ ጊዜ 202 መኪና ይጭናል። መርከቡ ፊትና ኋላ የለውም፤ መኪናው በአንዱ ጫፍ ይገባል፣ ማዶ ሲደርስ በሌላኛው ጫፍ ይወጣል። ወደቡንና መርከቡን የሚያገናኘው በማጠፊያ ላይ ያለ ትልቅ የብረት ድልድይ ነው። የባሕሩ ውሃ በጨረቃና በፀሐይ ስበት በቀን ሁለት ጊዜ ከፍ፣ ሁለት ጊዜ ዝቅ ይላል። በዚያ አካባቢ ልዩነቱ ከሦስት ሜትር ይበልጣል። ውሃው ሲወርድ መርከቡም አብሮ ይወርዳል፤ ያ የብረት ድልድይ ያጋድላል። በሰኔና በሐምሌ ደግሞ ውሃው በጣም የሚጎድለው እኩለ ቀን አካባቢ ነው።

ለረጅም መኪና ይህ ምንም አይደለም። ለዝቅተኛዋ ግን ሁለት ፈተና አለ። አንደኛው ጎማው ተዳፋቱን ሳይነካ ፓራውልቱ ቀድሞ መሬት መፋቁ ነው። ሁለተኛው ደግሞ የፊት ጎማ አልፎ፣ የኋላው ገና ሳያልፍ፣ ሆዷ ድልድዩ በሚታጠፍበት ጉብታ ላይ መቀመጡ ነው። ልጄ ባለፈው ክረምት ሳይናገር ገብቶ ፓራውልቱን ግማሽ ድረስ ገንጥሎታል፤ ከኋላው የተሰለፈው ሁሉ ጥሩንባ ሲነፋበት ነበር። «እማዬ፣ ቀድሜ ስነግራቸው አንድም ቀን ተቆጥተውኝ አያውቁም። የሚቆጡት ሳልናገር ከተጣበቅሁ በኋላ ነው» አለኝ።

ሠራተኛው ሌሎቹን አስገብቶ፣ በመጨረሻ ለእኛ እጁን አወዛወዘ። ጎንና ጎን ወደ ላይኛው የመኪና ወለል የሚያወጣውን ተዳፋት ትቶ በመሐል ባለው ሜዳ በኩል መራን። ልጄ በእግር ከሚሄድ ሰው ባልፈጠነ ፍጥነት፣ ትንሽ ሰያፍ አድርጎ አስገባት። ጭነት ሲቀንስ መኪና ከፍ ስለምትል «ወርደሽ በእግረኞች መንገድ ብትገቢ ይሻል ነበር» ብሎኝ ነበር። ጉልበቴን ሰበብ አድርጌ እምቢ አልኩ። ስለዚህ እኔና በርበሬው ተጨምረን ሆዷ አንዴ «ክርር» አለች። ልቤም አብሮ ክርር አለ። አለፍን።

ሞተሩን አጠፋ፤ የእጅ ፍሬን ሳበ፤ በአንደኛ ማርሽ ተዋት፤ መርከቡ ሲንቀጠቀጥ እንዳይጮህ የሌባ ማስጠንቀቂያውን ዘጋ። ከፊት ባሉት መኪኖች ጎማ ሥር ሠራተኞቹ ታኮ አስገቡ። «ላይ ውጪ እማዬ፤ ከተማውም ተራራውም ይታያል» አለኝ። ልወጣ ሞከርኩ። አጠገባችን የቆመችው መኪና በሩን ግማሽ እንኳ አላስከፍት አለች። ወንበሩ ጉድጓድ ነው። ጉልበቴ እምቢ አለ። ሁለት ጊዜ ተነስቼ ሁለት ጊዜ ተመልሼ ቁጭ አልኩ። «በቃ፣ አንተ ውጣና ነፋስ ተቀበል» አልኩት።

«አይ፣ እኔም እዚሁ እሆናለሁ።»

«ለምን? በእኔ ምክንያት አትታፈን።»

«በአንቺ አይደለም። ላይ መውጣት ካቆምኩ ቆየሁ።»

ውድ አንባቢያን፣ ሠላሳ ስድስት ዓመት በነርስነት አገልግያለሁ። በሽተኛ አንድ ነገር ለማለት ፈልጎ ሌላ ነገር ሲናገር ድምፁን አውቃለሁ። በስልክ «ደህና ነኝ እማዬ፣ ደህና ነኝ» እያለኝ ሦስት ዓመት ያልሰማሁትን ድምፅ በዚያ ጨለም ያለ የመኪና ወለል ላይ ሰማሁት። እናት ሆኜ ልቆጣ ነበር፤ ነርሷ ቀደመችኝ። «ለምን አቆምክ?» አልኩና ዝም አልኩ።

ቀስ እያለ ነገረኝ። ባለፈው ክረምት ልጁን እሑድ ማታ መልሶ ብቻውን ሲመጣ፣ ላይ ወጥቶ ሐዲዱን ተደግፎ ውሃውን ማየት እንዳስፈራው ነገረኝ። ከመኪና አለመውረድ የጀመረው ለዚህ ነው።

እጄ ቀዘቀዘ። ግን ለስንት ቤተሰብ ያስተማርኩትን ለራሴ ልጅ መንፈግ አልቻልኩም። ፊት ለፊት ጠየቅሁት፤ «ልጄ፣ ራስህን ለማጥፋት አስበህ ነበር?»

«አዎ» አለኝ። «አሁንስ?» አልኩት። «አሁን አይደለም እማዬ። ሐኪም ዘንድ እሄዳለሁ፤ መድኃኒትም እወስዳለሁ። አንቺ እንዳትጨነቂ ብዬ ነው ያልነገርኩሽ።»

መኪናዋንም ያን ጊዜ ነው የተረዳሁት። ከሥራ መልስ ከአልጋ አልነሳ ብሎ በነበረበት ወቅት አንድ የሥራ ባልደረባው ነው የቆመችውን አሮጌ መኪና በትንሽ ገንዘብ ገዝቶ እንዲጠግናት የገፋፋው። የተገነጠለውን ፓራውልት የልጅ ልጄ ብሎን እያቀበለው አብረው ነው የገጠሙት። እኔ «መጫወቻ» ያልኳት ነገር አባትና ልጅን በየአሥራ አምስት ቀኑ አንድ ላይ የምታቆም ነበረች።

ይቅርታ ጠየቅሁት። ወላጅ ልጁን ይቅርታ ሲጠይቅ ዙፋኑ የሚወርድ የሚመስላችሁ ካላችሁ፣ እኔ ከዚያ ወንበር በታች የምወርድበት አልነበረኝም። መርከቡ በ35 ደቂቃ ማዶ ደረሰ። ከሁሉ መጨረሻ፣ በሰያፍ፣ ቀስ ብለን ወጣን። ምራቴ ቤት ደጃፍ ላይ የልጅ ልጄ «አያቴን በጠፍጣፋዋ አመጣሃት?» ብሎ ጮኸ። በሩን ከፍተው አባትና ልጅ በሁለት እጄ ጎትተው አወጡኝ።

አሁን ወደ ምክሬ ልግባ።

በመጀመሪያ ለባለ ዝቅተኛ መኪና። ውጭ አገር ያላችሁም፣ ልጆቻችሁ ዘንድ የምትሄዱም፣ ቲኬት ስትቆርጡ ጀምሮ ተናገሩ። የውሃውን ከፍታ የሚያሳይ የሰዓት ሠንጠረዥ ስላለ፣ ከተቻለ ውሃው ሞልቶ ድልድዩ ሜዳ በሚሆንበት ሰዓት ሂዱ። ጭነት ቀንሱ፤ ጉልበቱ ጤነኛ የሆነ ተሳፋሪ በእግሩ ይግባ። የሠራተኛውን እጅ እንጂ የኋላ ሰውን ጥሩንባ አትስሙ። የጨው ውሃ ብረት ስለሚበላ በማግሥቱ የመኪናዋን ሆድ በንጹሕ ውሃ አሳጥቡ። በሲያትል በመኪናችሁ ውስጥ መቆየት ይፈቀዳል፤ በአውሮፓ በሚደረጉ ረጅም የባሕር ጉዞዎች ግን መርከቡ ሲነሳ የመኪናው ወለል ስለሚዘጋ መድኃኒታችሁንና ሹራባችሁን ቀድማችሁ ያዙ። ደረጃ የማትችሉ ከሆነ አሳንሰሩ አጠገብ እንዲያቆሟችሁ ስትገቡ ጠይቁ። ዕድሜያችሁ 65 ከሞላ በሲያትል መርከቦች በግማሽ ዋጋ ትጓዛላችሁ፤ ከ2022 ወዲህ 18 ዓመትና ከዚያ በታች ያሉ ልጆች አይከፍሉም። ደግሞም የስፖርት መኪና ነው ብላችሁ ሕፃን ከፊት አታስቀምጡ። በዋሽንግተን ግዛት ሕግ ከ13 ዓመት በታች ያለ ልጅ እስከተቻለ ድረስ ከኋላ ነው የሚቀመጠው።

ሁለተኛ ለጉልበታችሁ። ስትገቡ እግር አታስቀድሙ። ጀርባችሁን ለወንበሩ ሰጥታችሁ፣ ወንበሩ ባታችሁን ሲነካ ቁጭ በሉ፤ ከዚያ ሁለቱንም እግር አንድ ላይ አዙራችሁ አስገቡ። ስትወጡ ሁለቱንም እግር መሬት አድርሱ፣ ወደ ወንበሩ ጫፍ ቅረቡ፣ ደረታችሁን ወደ ፊት አዘንብላችሁ ወንበሩን በእጃችሁ ገፍታችሁ ተነሱ። የሚወዛወዘውን በር አትደገፉ። የደም ግፊት መድኃኒት የምትወስዱ፣ ቆም ብላችሁ ማዞሩ ካለፈ በኋላ ተራመዱ። የዳሌ መገጣጠሚያ በቅርቡ የተቀየረላችሁ ከሆነ ሐኪማችሁን ሳትጠይቁ እንዲህ ባለ ዝቅተኛ ወንበር አትቀመጡ።

ሦስተኛው ለልጆቻችሁ ነው። «ደህና ነኝ» የሚል ሁሉ ደህና አይደለም። እንቅልፉ የተዛባ፣ የሚወደውን የተወ፣ ከሰው የሸሸ፣ «እኔ ባልኖር» የሚል ልጅ ካላችሁ፣ የ15 ዓመትም ይሁን የ40፣ ፊት ለፊት ጠይቁት። ራስን ስለ ማጥፋት መጠየቅ ሐሳቡን አያመጣበትም፤ ብዙ ጊዜ ያቀልለታል። «አዎ» ካለ አትቆጡ፣ አትስበኩ፣ ብቻውን አትተዉት፤ ሐኪም ዘንድ አድርሱት። ጸሎቱም ጠበሉም ሕክምናውን አይከለክልም። አሜሪካ ያለ ሰው በ988 በማንኛውም ሰዓት መደወል ይችላል። እዚህ አገር ቤት ደግሞ አቅራቢያችሁ ያለው ሆስፒታል ሂዱ፤ አዲስ አበባ የአማኑኤል ሆስፒታልም አለ።

ልጄ አሁንም በየአሥራ አምስት ቀኑ ይሻገራል። እሑድ ማታ ሲመለስ ከመርከቡ ላይ ይደውልልኛል፤ እዚህ ሰኞ ጠዋት ነው። በፊት «ደህና ነህ?» እለው ነበር። አሁን «ዛሬ የት ነህ? ላይ ነህ ወይስ መኪና ውስጥ?» ነው የምለው። ባለፈው ጊዜ «ላይ ነኝ እማዬ፤ ነፋሱ ይሰማሻል?» አለኝ።

ይሰማኝ ነበር።

በሚቀጥለው ሳምንት እስክንገናኝ፣ ቸር እንሰንብት።