የጎደለውን የመፈለግ ጥበብ

ሰው ስለ ሕክምና ሲያስብ የሐኪም ተግባር ወደ ሰውነት የገባውን ባዕድ ነገር፣ ተውሳኩንና መርዙን፣ ማሳደድ ብቻ ይመስለዋል፤ የጨቅላ ሕፃናት ሐኪም ግን ከሁሉ አስቀድሞ የሚጠይቀው፣ ይህ ፍጥረት ከማኅፀን ያለ ጊዜው በመውጣቱ ምን ጎደለው ብሎ ነው። አሜሪካዊቷ ዶክተር ሜሪ ኤለን ኤቨሪ የሥራ ዘመናቸውን ያሳለፉት በዚሁ ጥያቄ ስለ ሆነ፣ የዚህን ሙያ ክብር ለማስረዳት ከእርሳቸው የተሻለ ምስክር አላገኘሁም።

ኤቨሪ እ.ኤ.አ. በ1952 ከጆንስ ሆፕኪንስ የሕክምና ትምህርታቸውን ፈጽመው ብዙም ሳይቆዩ በሳንባ ነቀርሳ ታመሙ፤ ሕማሙም ስለ ሳንባ አሠራር የመመርመር ፍላጎት አሳደረባቸው። በዚያን ጊዜ ያለ ጊዜያቸው ተወልደው በትንፋሽ ማጠር በሚሞቱ ሕፃናት ሳንባ ውስጥ እንደ መስተዋት የጠራ ስስ ሽፋን ይገኝ ስለ ነበር፣ ሊቃውንቱ ገዳዩ እርሱ ነው ብለው መነሻውን ይመረምሩ ነበር። ኤቨሪ ግን በሐርቫርድ ከጄሪ ሚድ ጋር ሲሠሩ፣ በጤናማ ሳንባ የሚታየው አረፋ በሞቱት ሕፃናት ሳንባ አለመኖሩን አስተዋሉ፤ በ1959ም የጎደለው የአየር ከረጢቶችን ውስጣዊ ገጽ የሚያላላው፣ ዛሬ ሰርፋክታንት የምንለው ቅባታማ ነገር መሆኑን በጽሑፍ አስታወቁ። ሽፋኑ እንግዲህ የሕማሙ ውጤት እንጂ ምክንያቱ አልነበረም።

ይህ ነገር ሲጎድል ከረጢቶቹ በተነፈሱ ቁጥር ተጣብቀው ይከደናሉ፤ ስለዚህ ሕፃኑ እያንዳንዱን ትንፋሽ እንደ መጀመሪያው ትንፋሽ በታላቅ ድካም መሳብ ይኖርበታል። አፍንጫው ይነፋል፣ ከጎድኑ በታች ያለው ሥጋ ወደ ውስጥ ይሰረጉዳል፣ ባስወጣም ቁጥር ያቃስታል፤ በመጨረሻ ሳንባው ሳይሆን ጉልበቱ ያልቃል።

ምክንያቱ መታወቁ ግን ወዲያው ፈውስ አላመጣም። በ1963 የፕሬዚዳንት ኬኔዲ ልጅ ፓትሪክ በዚሁ ሕማም በ39 ሰዓት ዕድሜው ሲሞት፣ የዓለም ኃያል መንግሥት ሊሰጠው የሚችለው መድኃኒት አልነበረም። በ1980 ጃፓናዊው ሐኪም ፉጂዋራ ከከብት ሳንባ የተዘጋጀ ሰርፋክታንት ለ10 ሕፃናት ሰጥተው ማዳኑን እስኪያሳዩ፣ በአሜሪካም በ1990 እስኪፈቀድ ድረስ ኤቨሪ ሌሎችን ሲያስተምሩ ቆዩ። ይህን ረጅም ዘመን ከንቱ ጥበቃ የሚል ቢኖር አልስማማም፤ የጎደለው ባይታወቅ ኖሮ መድኃኒቱን ማን በምን ይፈልገው ነበር?

በድሀ አገርም ቢሆን ጥያቄው ያው ነው። በቦጎታ በ1978 ማሞቂያ ሲያጥራቸው ዶክተር ኤድጋር ሬይ ለሕፃኑ የጎደለው ሙቀት በእናቱ ደረት ላይ እንዳለ አይተው፣ ገላ ለገላ አድርጋ እንድታቅፈው አደረጉ። በአገራችንም ዶክተር ቦጋለ ወርቁና ዶክተር አስራት ካሴ በአዲስ አበባ ያደረጉትና በ2005 እ.ኤ.አ. የታተመው ጥናት፣ ክብደታቸው ካነሰ ሕፃናት መካከል ይህን እንክብካቤ ቀድመው ካገኙት ከ100 22 ያህሉ ሲሞቱ፣ ካላገኙት ግን 38 ያህሉ መሞታቸውን አሳይቷል።

በ2019 እ.ኤ.አ. በተደረገው አገር አቀፍ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት መሠረት ከ1,000 በሕይወት ከተወለዱ ሕፃናት 33ቱ አንድ ወር ሳይሞላቸው ይሞቱ ነበር። ስለዚህ የሆስፒታል አስተዳዳሪዎች ለማሽን መግዣ በጀት ሲጠይቁ፣ በዚያው ወረቀት ላይ ለእናቲቱ ከሕፃኗ አጠገብ የምትተኛበትን አልጋና ሌሊቱን የሚጠብቁ ነርሶችን ደመወዝ እንዲጨምሩ እለምናለሁ።